ያልተነገረኝ መርዶ

ሞት እንዴት እንደሚደበቅ የተማርኩት በአሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። ያስተማረችኝ እናቴ ናት።

የጎረቤታችን ልጅ ፋና የስምንተኛ ክፍል ተፈታኝ ነበረች። ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው እናቷ ዘመድ ልትጠይቅ በሄደችበት በግምጃ ቤት ከተማ ታማ ሞተች፤ እዚያው ተቀበረች። ዳንግላ ያለው ሰፈራችን በሙሉ አወቀ፤ ፋና ብቻ አላወቀችም። እናቴ ጓዳ አስገብታኝ በሩን ዘጋችና ጣቷን አፍንጫዬ ሥር ቀስራ፣ «ስሚ ሶስና፣ ፋና እስክትፈተን ድረስ አፍሽን ትዘጊያለሽ። ዓይን ዓይኗን አትዪ። እንደ ወትሮው ተጫወቻት፤ እንደ ወትሮው ተጣያት። ስለ እናቷ ካነሳችብሽ ‹ደህና ናት አሉ› ብለሽ ወሬ ቀይሪ» አለችኝ። እንደታዘዝኩት አደረግሁ። ገመድ ዘለልን፣ በእርሳስ ተጣላን፣ ታረቅን። ጎረቤታችን ወይዘሮ ያለምወርቅ እንኳን፣ ልጅ ሲስቅ የሚያማቸው ሴትዮ፣ በየማለዳው ለፋና ወተት ይልኩላት ጀመር። በተፈተነች ማግሥት፣ ገና ሲነጋጋ፣ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው በራቸውን አንኳኩ። ጩኸቷን ከአልጋዬ ሆኜ ሰማሁት። የሚቀጥለው መርዶ የኔ የሚሆን መስሎኝ ብርድ ልብሴን ተከናነብኩ።

ይህን መጀመሪያ የማወራው እንዳትስቁብኝ ነው። በሚቀጥለው ዓመት የሠራሁትን ሁሉ የሠራሁት የመደበቁን ሥራ ከውስጥ ስለማውቀው ነው።

አባቴ ዓባይነህ ዳንግላ ውስጥ ጋሪ ይነዳ ነበር። ሰፈሩ «ባለ ቦራው» ይለው ነበር፤ ቦራ የፈረሱ ስም ነው። በ2007 ዓ.ም. ሚያዝያ መገባደጃ ላይ የድንች ጆንያ ጭኖ ከገበያ ሲመለስ አንድ የጭነት መኪና ከኋላው ክላክሱን አንባረቀበት። ቦራ ደነበረ፣ ጋሪው ተገለበጠ፣ ጎማው በአባቴ ቀኝ እግር ላይ ወጣ። በሰው ሸክም ቤት ሲያስገቡት፣ «ቦራን እንዳትመቱት፤ እሱ ምን ያውቃል» እያለ ነበር።

ወጌሻ መጣ። እግሩን አሽቶ፣ በቀርከሃ ስንጥር ደግፎ፣ በጨርቅ ጥፍር አድርጎ አሰረው። አባቴ ላቡ በግንባሩ እየወረደ እኔንና የዘጠኝ ዓመቱን ወንድሜን ወገኔን ያስቀን ነበር። በአምስተኛው ቀን ቤቱ መሽተት ጀመረ። አይጥ ሞቶ ነው ብዬ በእጄና በጉልበቴ አልጋ ሥር ገባሁ። ከወዲያ ወዲህ ብፈልግ አጣሁ። አባቴ ከላዬ ሆኖ፣ «ተይው ልጄ፤ እዚያ አታገኚውም» አለኝ። በማግሥቱ ታናሽ ወንድሙ ቢሻው፣ እኛ አያ ቢሻው የምንለው፣ የአባቴን የእግር ጣቶች ገልጦ አየና በቁሙ ጮኸ። ሚኒባስ አስመጥቶ ባሕር ዳር ሆስፒታል ይዞት ሄደ። እናቴ አብራ ሄደች። እኛን ልትጠብቅ አክስቴ ስሜነሽ ከቆሰበር መጣች።

አክስቴ ስሜነሽ ሳቋ ሦስት ቤት አልፎ የሚሰማ ሴት ነበረች። በመጣች በሳምንቱ ሳቋ ጠፋ። ስልክ ሲደወል ጓሮ ትወጣለች፤ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል፤ «ሽንኩርት ነው» ትላለች፤ ሽንኩርት ግን ከጨረስን ቆይተናል። አያ ቢሻው ከባሕር ዳር ሲመጣ ሁለቱ አንገት ለአንገት ገጥመው ያወራሉ፤ እኛ ብቅ ስንል ወሬው ወደ አዊኛ ይዞራል። አባቴና እህት ወንድሞቹ ገጠር ያደጉበት ቋንቋ ነው። እኛ የከተማ ልጆች ከሰላምታና ከስድብ ያለፈ ስለማናውቅ፣ ከመካከሉ የምለየው የአባቴን ስም ብቻ ነበር። ስሙ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ዝቅ ይላል።

ለእናቴ አስደውዬ «አባባን አገናኚኝ» ስላት «ተኝቷል» አለችኝ። በሦስተኛው ቀንም «ተኝቷል» አለችኝ። በሳምንቱ፣ በቀትር፣ «አሁንም ተኝቷል?» ብላት ትንፋሿን ዋጥ ስታደርግ ሰማሁ። «ኔትወርኩ አስቸገረ» አለችና ዘጋችው። ኔትወርኩ ምንም አልሆነም ነበር፤ የሆስፒታሉ ሰው የኮሪደሩን በር ሲዘጋ እንኳን ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር።

በግንቦት መጨረሻ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን በሚደበድብበት ከሰዓት፣ ጠረጴዛ ላይ ሒሳብ እየሠራሁ አያ ቢሻው ገባ። ሣጥኑን ከፍቶ የአባቴን አዲስ ጋቢ አወጣ፤ ነጩን ሸሚዝ አወጣ፤ ለበዓል ብቻ የሚለብሰውን ኮት አወጣ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከአልጋው ሥር ጥቁሩን ጫማ ሳበ። አቧራውን እፍ አለው። ጥንዱን በሁለት እጁ ይዞ ቆየና፣ ጫማውን መልሶ እስከ ግድግዳው ድረስ ገፋው።

«የት ነው የምትወስደው?» አልኩት።

«ባሕር ዳር ነዋ። አባትሽ ይለውጠዋል።»

«ጫማውስ?»

አክስቴን አየ። አክስቴ ወደ ግድግዳው ዞረች። «ጫማ እዚያ ምን ያደርግለታል? ተኝቶ ነው ያለው» አለና ልብሱን በፌስታል ጠቅልሎ፣ ሳይሰናበተኝ ወጣ።

አዲስ ጋቢ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ጫማ የለም። እርሳሴን አስቀመጥኩ። ጆሮዬ ጭው አለ፤ ዝናቡ የቆመ መሰለኝ። አባቴ ሞቷል፤ እኔ ደግሞ ዘንድሮ ተፈታኝ ነኝ። ሁለቱ ነገሮች ሲገጣጠሙ ቀሪው ግልጽ ነበር፤ ፋና ላይ የሠራነውን እኔ ላይ እየሠሩት ነው።

ዛሬ ሃያ አምስት ዓመቴ ነው፤ ቆሰበር ውስጥ አስተምራለሁ። ባለፈው ዓመት ስለዚያ ከሰዓት አያ ቢሻውን ጠይቄው ነበር። አንገቱን አከከና፣ «ጥንዱን ብወስድለት ያላገጥኩበት መሰለኝ፤ አንዱን ለይቼ እንዳልወስድ ደግሞ አንቺ ፊት ለፊቴ ተቀምጠሻል» አለኝ። የአባቴ ቀኝ እግር ከጉልበቱ በላይ ከተቆረጠ ያን ዕለት ሦስት ሳምንት አልፎት ነበር። ስደውልም እንቅልፍ ወስዶት አልነበረም። ከእናቴ አጠገብ ተጋድሞ በእጁ «ተኝቷል በያት» እያለ ምልክት ይሰጣት ነበር። አክስቴን ጓሮ ያስለቅሳት የነበረው ሽንኩርት ያልሆነ ነገርም ይኸው ነው። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ «ጋሪ ነጂ ያለ እግር ምን ሊሆን ነው? ለልጆቼ ሞተ በሏቸው፤ አልቅሰው ይርሱኝ። ለማኝ አባት አልሆናቸውም» ብሎ ወደ ቤት አልመለስም ብሏል። አያ ቢሻው በየሳምንቱ የሚመላለሰው ሊለምነው ነው። ይህን ሁሉ ግን ያን ጊዜ ማን ነግሮኝ?

ያን ዕለት ጭንቄን ይዤ ሽንት ቤት ገባሁና ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ አለቀስኩ። አክስቴ በሩን እስክታንኳኳ ድረስ ቆየሁ። ስወጣ ወገኔ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ በእንጨት ጭቃ ይቆፍራል። ቀና ብሎ፣ «አባባ መቼ ነው የሚመጣው?» አለኝ።

«ሲሻለው። አሁን ደውሎ ነበር።»

«ምን አለ?»

«ወገኔ ማባዛቱን በቃሉ ይዟል ወይ አለ።»

ፊቱ በራ። እኔ ደግሞ በዚያች ቅጽበት የማልወጣበት ሥራ ውስጥ ገባሁ። በማግሥቱም ደወለ አልኩት፤ በሦስተኛው ቀንም። አባቴ በኔ አፍ የማያወራው አልነበረም፤ ወገኔ አፍንጫውን በእጅጌው እንዳይጠርግ፣ ለአክስቴ ውኃ እንዲቀዳ፣ የስምንትን ማባዣ እንዳይረሳ ይመክር ነበር። አንዳንዴ የአባቴን ቀልድ ፈልጌ ሲጠፋብኝ ራሴ እፈጥርና ወገኔ ሲስቅ አብሬው እስቃለሁ። ስስቅ አባቴን ሁለተኛ የምቀብረው ይመስለኝ ነበር።

ለራሴ ሕግ አወጣሁ። የማለቅሰው ሽንት ቤት ውስጥ ብቻ ነው፣ በቀን አንድ ጊዜ። ከሰው ፊት ዓይኔን አልሰብርም። ማወቄን ካወቁ ይነግሩኛል፤ ከነገሩኝ ልቅሶ ይቀመጣል፤ ልቅሶ ከተቀመጠ ፈተናው ያልፈኛል፤ ወገኔም ያውቃል። ስለዚህ እነሱ ከኔ ሲደብቁ እኔ ደግሞ ማወቄን ከነሱ ደበቅሁ። በየስልጠናው «ወጣቶች አዎንታዊ አስተሳሰብ ይኑራችሁ» ሲባል ስሰማ ዛሬ ሳቄ ይመጣል። የኔ አዎንታ ከላይ እስከ ታች ውሸት ነበር። ግን ቀኑን ያስመሸልኝ እሱ ነው፤ አልወቅሰውም።

ምልክቱ በየቀኑ ይበዛል። ወይዘሮ ያለምወርቅ ወተት ላኩ። ለፋና የላኩበት ያው ሰማያዊ ጆግ ነው። አክስቴ «ጠጪ እንጂ፤ ጭንቅላት ያበረታል» አለችኝ። ሁሉንም ጠጣሁት፤ ባስቀረው ይነቁብኛል። የሒሳብ አስተማሪያችን መምህር መሳፍንት ከክፍል ውጭ ጠርተውኝ፣ «ሶስና፣ አንቺ ጎበዝ ነሽ። እስክትፈተኚ ድረስ ሌላ ሐሳብ ራስሽ ውስጥ እንዳታስገቢ፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ይደርሳል» አሉኝ። ከዚያ በኋላ የሚደርሰውን አውቃለሁ። «እሺ መምህር» ብዬ ፈገግ አልኩ። ፈገግታዬን ሲያዩ ፊታቸውን አዞሩ። አያ ቢሻው የነገራቸው ስለ አባቴ እግር ነበር፤ እኔ ግን ስለ ሬሳው ነበር የሰማሁት።

ፈተናው ሲቃረብ አክስቴ ቤቱን ትለቀልቅ ጀመር። ጠላ ጠመቀች። ከአባቴ ባልንጀራ፣ እንደሱ ጋሪ ከሚነዱት ከአያ አድማሴ ቤት ሦስት አግዳሚ ወንበር በጋሪ መጣና ጓሮ ተደረደረ። ወገኔ «ማን ሊመጣ ነው?» ሲል አክስቴ «እንግዳ» አለችው። እንግዳው ለቀስተኛ እንደሆነ ገባኝ። ወንበሮቹ ላይ እነማን እንደሚቀመጡ ሳይቀር በሐሳቤ ደልድዬ ጨረስኩ።

የገረመኝ ነገር ፈተናውን አለመፍራቴ ነው። የምፈራው ማለቁን ነበር። እስኪነግሩኝ ድረስ አባቴ ግማሽ ያህል ያለ ይመስለኛል፤ ወረቀቱን ሳስረክብ ግን ሙሉ በሙሉ ይሞታል። የመጀመሪያው የፈተና ቀን፣ ረቡዕ፣ አለፈ። ሐሙስ ከሰዓት የመጨረሻውን ፈተና በግማሽ ሰዓት ጨርሼ መልስ ወረቀቱን አቅፌው ተቀመጥኩ። ልጆቹ ሁሉ ወጡ። ፈታኙ «ጨርሰሻል እኮ» አሉኝ። «ላየው ነው» አልኩ። ደወሉ ሲደወል ወረቀቱን ሲስቡ አልለቅ ብዬ ጫፉ ተቀደደ። ተገርመው አዩኝ። ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁና ግቢው ውስጥ፣ ቀለም እየተራጩ ከሚጨፍሩት ልጆች መካከል፣ በዝናብ ቆምኩ።

ማታ አክስቴ ዶሮ ሠራች። «ብዪ፣ ብዪ» እያለች ታጎርሰኛለች። መርዶ ከመነገሩ በፊት ሰው በደንብ ይበላል፤ ከዚያ በኋላ እህል ስለማይወርድለት። ይህንንም ከፋና አውቀዋለሁ። ያጎረሰችኝን ሁሉ ዋጥኩ።

በዚያው ሐሙስ ባሕር ዳር ምን እንደተደረገ የሰማሁት ከስንት ዓመት በኋላ ነው። አባቴ በስንት ልመና እሺ ብሎ ነበር። አንድ ነገር ግን አስምሎ ነው፤ ማንም ሰው እንዳያየው። በማለዳ፣ ሰፈሩ ከቤቱ ሳይወጣ፣ በባጃጅ እስከ ደጃፉ ገብቶ በቀጥታ ወደ ጓዳ ነው። «አንድ ሰው ደጅ ላይ ባይ ከመንገድ እመለሳለሁ፤ ሁለተኛም አትለምኑኝም» ብሏል። ጠላውም ወንበሩም አክስቴ በራሷ ያሰናዳችው ነበር፤ ከሰነበተ በኋላ ለሚመጣ ጠያቂ። አያ ቢሻው ደግሞ አባቴ ከመድረሱ በፊት ለኔና ለወገኔ ስለ እግሩ ሊነግረን አሰበ። ብቻውን ፈራ። ስለዚህ የንስሐ አባታችንን ቄሱን ለመነ። ልጅቷ ብትደነግጥ የምትደግፋት ሴት ያስፈልጋል ብሎ ወይዘሮ ያለምወርቅን ጨመረ።

ዓርብ ገና ሲነጋጋ በራችን ተንኳኳ።

ተኝቼ አልነበረም፤ ለብሼ ተቀምጬ ነበር። አክስቴ ቦኖ ውኃ ልትቀዳ ከወጣች ቆይታለች። ወገኔ ከማታ የተረፈ ዳቦ እያኘከ በሩን ከፈተው። ቄሱ በነጭ ጋቢ፣ መስቀላቸውን ይዘው፣ ከፊት ቆመዋል። አያ ቢሻው ከኋላቸው መሬት መሬት ያያል። ወይዘሮ ያለምወርቅ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። (ዝናብ ስለነበር ያገኙትን ደርበው ነው የወጡት፤ እሳቸው ራሳቸው ነግረውኛል።)

«ልጄ» አሉ ቄሱ፣ «ሁሉም በእግዚአብሔር ፈቃድ…»

ሌላ አልሰማሁም። ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ ነጠላ ጎስጉሼ ያስቀረሁት ሁሉ ባንድ ጊዜ ወጣ። «አባቴን! አባቴን!» ብዬ ገፍትሬያቸው ወደ ግቢው ሮጥኩና ጭቃው ላይ ወደቅሁ። ደረቴን መታሁ፤ ፀጉሬን ነጨሁ። ወገኔ ዳቦውን እንደያዘ በላዬ ቆሞ፣ «ትናንት ደወለ አላልሽኝም? ሶስና፣ ሰላም ብሎሃል አላልሽኝም?» ሲለኝ የባሰ ጮኽኩ። እሱም ገባውና ዳቦውን ወረወረ።

አያ ቢሻው «አልሞተም! ኧረ አልሞተም! በሕይወት አለ!» እያለ ዙሪያዬን ዞረ። እንግዲህ እኔ ፋናን «ደህና ናት አሉ» ስላት የከረምኩ ልጅ ነኝ። አልሞተም ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለኔ ማስረዳት አይቻልም። ከጎረቤት ሴቶች እሪ እያሉ መጡ፤ የነሱን ጩኸት የሰማ ቀጣዩ ቤት ተቀበለ። አያ ቢሻው አንዷን ክንዷን ይዞ «እመኚኝ፣ አልሞተም» ሲላት፣ «ተዋት ይውጣላት፤ እስከ መቼ ልትደብቋት ነው?» ብላ ተቆጣችው። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ቀድሞ ሰምቶ ኖሮ ከላይኛው መንገድ፣ «ዓባይነህ… ባለ ቦራው… አርፏልና…» ሲል ተሰማ።

በዚህ መካከል አክስቴ ስሜነሽ ከቦኖ ደረሰች። ከሩቅ የሰማችው ጩኸት ከወንድሟ ቤት ነው። ጄሪካኑን በር ላይ ጥላ «ወንድሜን!» ብላ ተፈጠፈጠች። አያ ቢሻው እሷን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። ትናንት ማታ በስልክ ያናገረው ወንድሙ በሕይወት እንዳለ ያውቃል፤ ግን አክስቴ የምታለቅሰው አንድ ነገር ሰምታ ቢሆንስ?

«ማን ደወለልሽ?» አላት።

«አንተ አይደለህም እንዴ ሰው የሰበሰብከው?» አለችው እያለቀሰች። «ሌሊት ነው? ሌሊት ነው ያረፈው?»

ስልኩን አውጥቶ ለእናቴ ደወለ። የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም አለው፤ የእናቴ ስልክ ባትሪ ጨርሶ ነበር። ደግሞ ደወለ። ከዚያ ስልኩን ጭቃው ላይ ጣለውና ጋቢውን ተከናንቦ ከሁላችንም በላይ ጮኾ አለቀሰ። ደባቂው ራሱ ሲያለቅስ ሳይ የቀረችኝ ጥርጣሬ ጠፋች። አሁን ሳስበው ያስቀኛል፤ ያን ጊዜ ግን ምድር ከሥሬ የሄደች መስሎኝ ነበር። ቄሱ ብቻ መስቀላቸውን እንደያዙ «ቆዩ እንጂ፣ አንድ ጊዜ ስሙኝ» እያሉ ከሰው ሰው ይዞሩ ነበር።

ሁለት ሰዓት ሲሆን ግቢው ሞልቶ መንገዱ ላይ ተርፏል። ወንበሮቹ ከጓሮ ወጥተዋል። ጋሪ ነጂዎቹ ፈረሶቻቸውን አጥሩ ላይ አስረው በተርታ ተቀምጠዋል። አባቴ ያን ያህል ሰው እንዳለው አላውቅም ነበር፤ እሱም አያውቅም ነበር።

ባጃጇ ከታችኛው መንገድ መጥታ ሰው ስለበዛባት በሩ ላይ ቆመች። መጀመሪያ የወጣችው እናቴ ናት። ከቤቷ ልቅሶ የሰማች እናት ምን እንደምታስብ አስቡት። «ልጆቼን!» ብላ ሰዉን እየገፈታተረች ገባች፤ እኔንና ወገኔን ስታገኝ ከራሳችን እስከ እግራችን በእጇ ዳበሰችን። «ማን ነው? ማን ነው?» ትላለች። ልቅሶው ከበር ጀምሮ ወደ ውስጥ ዝም እያለ መጣ። በዝምታው መካከል ከባጃጇ ውስጥ ድምፅ ወጣ።

«ማን ነው የሞተው?»

የማን ድምፅ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። አያ አድማሴ ከተቀመጡበት ተነሥተው፣ «አንተ ነህ፣ ዓባይነህ» አሉት።

አንዲት ሴት እልል አለች። ሌላዋ ተቀበለች። ሰው ሁሉ ወደ ባጃጇ ጎረፈ፤ ማን እንደሆነ እንጃ፣ ሊያቅፈው ሲስበው ጭኑ ላይ የነበረው ጋቢ ወደቀ። የቀኝ እግሩ ሱሪ ባዶውን ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። እልልታው እመሐል ላይ ተቆረጠ። አንዱ «ውይ» አለ። እኔም አየሁት። አባቴ በሕይወት አለ፤ እግሩ ግን የለም። ደስታዬና ድንጋጤዬ ተጋጭተው ከቆምኩበት መላወስ አቃተኝ።

አባቴ ጎንበስ ብሎ ጋቢውን አነሣ፤ እስከ ወገቡ ሸፈነ። ማንንም አላየም። «መልሰኝ» አለው ነጂውን።

«ወዴት?»

«ወደ መጣንበት። ንዳ ብዬሃለሁ!»

እናቴ «ዓባይነህ!» አለች፤ አልዞረም። ነጂው ግራ ገብቶት ሞተሩን አስነሣ። አያ ቢሻው ግንባሩን ይዞ ቁጭ አለ፤ ፊቱን ሳይ አባቴ አሁን ከሄደ እንደማይመለስ ገባኝ። ባጃጇ ልትዞር ስትል ሮጬ የጎኗን ብረት ያዝኩ። ትንሽ ጎተተችኝና ነጂው ፍሬን ያዘ።

«ልቀቂ፣ ሶስና» አለኝ አባቴ ፊት ለፊቱን እያየ።

«አልለቅም።»

«ማን ነው ሞተ ያለሽ?»

«ማንም አላለኝም። ራሴ ነኝ ያወቅሁት።»

«ዛሬ ጠዋት?»

«አይደለም። ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ።»

አሁን ዞሮ አየኝ። ከስቷል፤ ጢሙ ሸብቷል። ጭቃዬንና የተነጨ ፀጉሬን ቀስ ብሎ አየ። «ፈተናሽስ?» አለኝ።

«ተፈተንኩ። ትናንት ጨረስኩ።»

«ሞቻለሁ ብለሽ እያሰብሽ?»

«አዎ።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማን እነግራለሁ? ወገኔ አለ» አልኩት። «በየቀኑ አባባ ደወለ እለው ነበር። ከሞትክም በኋላ ስታወራው ነበር።»

አባቴ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበና ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሰዉ ሁሉ ቆሞ ያያል፤ ሞተሩ ይንጣጣል። ብረቱን እንደያዝኩ ምን ያህል ጊዜ እንደቆምኩ አላውቅም፤ እጄ ከለቀቀ ሁለተኛ የማላገኘው መስሎኝ ጣቶቼ ደንዝዘው ነበር። ከዚያ ከጋቢው ውስጥ ድምፁ ወጣ።

«አጥፋው» አለው ነጂውን።

ሞተሩ ጠፋ። አባቴ ፊቱን ጠረገ፤ ጋቢውን ከጭኑ ላይ ገፈፈና አጣጥፎ ለኔ ሰጠኝ። ያ ሁሉ ሰው እያየው፣ ባዶ ሱሪውን በእጁ አስተካክሎ፣ እናቴን «በቀለች፣ ምርኩዞቼን አቀብዪኝ፤ ልውረድ» አላት።